አንድ ሽፋን ከሁለት የበለጠበት መኪና

በምሠራበት የመኪና ዲቴይሊንግ (የመኪና ቀለም ማሳመሪያና መጠበቂያ) ቤት ደንበኞች በብዛት ከሚያዝዟቸው ሥራዎች አንዱ ሲላንት የሚባለውን ሰው ሠራሽ የቀለም መከላከያ አስቀብቶ በላዩ ሰም ማስደረብ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ወደ እኛ የሚመጡት አዳዲስ መኪኖች በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ሲሆኑ፣ ባለቤቶቻቸውም ቀለሙ ገና ከጅምሩ እንዲጠበቅላቸው አጥብቀው የሚፈልጉ ናቸው። ምክንያትም አላቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የፀሐይ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል፤ በየመንገዱ ዳር ካለው ግንባታ የሚነሣው የሲሚንቶ አቧራ ደግሞ በካፊያ ርሶ ሲደርቅ ቀለም ላይ የሚተወው ነጭ ነጠብጣብ በሳሙና ብቻ የሚለቅ አይደለም። የፋብሪካ ቀለም ከነፕራይመሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ) የሚወፍር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ክሊር የምንለው ግልጹ የላይኛው ሽፋን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ሲላንቱም ሰሙም የሚቀባው ይህን ስስ ሽፋን ለመታደግ ነው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ደንበኛችን ጥቁር ረጅም መኪናቸውን ለክረምቱ እንድናዘጋጅላቸው አመጡ። መኪናው ታጠበ፣ ክሌይ በሚባለው ጭቃ መሰል ማጽጃ ተጠረገ፣ በቀላል ፖሊሽ ተስተካከለ፣ ከዚያም ሲላንት ተቀብቶ ሌሊቱን በመጋዘን ውስጥ አደረ፤ በማግሥቱ ደግሞ ሰም ተደረበበት። ጣሪያው ግን ሰም አልተቀባም። ሰሙ የሚቀባው በዋናነት ለዓይን ስለሆነና የረጅም መኪና ጣሪያ ቁሞ ለሚመለከተው ሰው ስለማይታይ፣ እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣ ጣሪያውን በሲላንት ብቻ መተው የቤቱ ልማድ ነበር። ባለመኪናውም ይህን ያውቁ ነበር፤ ዋጋውም የተቆረጠው በዚሁ መሠረት ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ተመልሰው መጡ። ቅሬታቸውን በብዙ ቃል አላብራሩም፤ ውሃ በጆግ ከቀዱ በኋላ ግማሹን ኮፈኑ ላይ አፈሰሱት፣ የቀረውን ደግሞ በርጩማ ላይ ወጥተው ጣሪያው ላይ ደፉትና «እስቲ ተመልከተው» አሉኝ። ጣሪያው ላይ ውሃው ክብ ክብ ጠብታ እየሠራ እየተንከባለለ ወረደ። ኮፈኑ ላይ ግን ተዘርግቶ ቀረ፤ በእጅ ገፋ ሲያደርጉትም ቀለሙን እንደያዘ ዝርግ ብሎ ይጎተታል እንጂ አይሰበሰብም። በሮቹንና ፓራፋንጎዎቹንም በየተራ ሞከርናቸው፤ ሁሉም እንደ ኮፈኑ ነበሩ። እሳቸውም ከበርጩማው ላይ ሳይወርዱ፣ «ልጄ፣ ጣሪያውን የሠራው ማን ነው? እሱው ኮፈኑንም ይሥራልኝ» አሉ። ሁለቱንም የሠራው አንድ ሰው ነበር፤ ለዚያውም ከሁላችንም እጀ ጥንቁቁ።

ውሃ መተኛቱ ብቻውን ሽፋን ለመጥፋቱ ሙሉ ማስረጃ አይሆንም፤ የቆሸሸ ሲላንትም ውሃ ያስተኛልና። ስለዚህ ኮፈኑን መጀመሪያ በደንብ አጥበን እንደገና ሞከርነው፤ ምንም ለውጥ አልታየም። አንድ ባልደረባዬ ወዲያው ጣቱን የቀሰረው በላቫጆ ላይ ነበር። በየሰፈሩ ያሉ ብዙ ላቫጆዎች መኪና የሚያጥቡት በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ነው፤ ይህ ሳሙና አልካሊነቱ የበረታ ስለሆነ ሰምን በጥቂት እጥበት ይገፋል፣ የሲላንትንም ዕድሜ ያሳጥራል። ደንበኛችንም ሠፈራቸው ካለ ላቫጆ እንደሚያሳጥቡ አልደበቁም። ነገር ግን ጣሪያውም የታጠበው እዚያው፣ በዚያው ሳሙና ነበር። ጥፋቱ የሳሙናው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ባዶ መሆን የነበረበት አንድ ሽፋን ብቻ ያለው ጣሪያው ነው።

ቀጥሎ የተጠረጠረው ሲላንቱ ሳይደርቅ ሰም ተቀብቶበት ይሆናል የሚለው ሲሆን፣ ይህ ጥርጣሬ በሙያችን ውስጥ መሠረት ያለው ነው። አብዛኛው ሲላንት ከሲሊኮንና ከመሰል ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች የሚዘጋጅ ነው፤ ከተቀባ በኋላ ከክሊሩ ጋር እስኪጣበቅና እርስ በርሱ እስኪያያዝ ድረስ ሰዓታት ይፈጃል፤ በየጠርሙሱ ላይ የሚነበበው መመሪያም ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት እንዲቆይ ያዝዛል። በዚህ መካከል ሰም ቢቀባበት፣ ሰሙን የሚያለሰልሰው ሟሟ ያልያዘውን ሲላንት ያናውጠዋል። የሥራ ካርዱን አውጥተን ስናይ ግን ሲላንቱ ተቀብቶ ያበቃበትና ሰሙ የተጀመረበት ሰዓት በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ሙሉ ሌሊትና ግማሽ ቀን አልፏል። ልጁ ከታዘዘው በላይ ታግሦ ነበር።

በዚህ ጊዜ የቀረን ራሱ ሰሙ ነበር። ከመደርደሪያው ሁለት ቆርቆሮ አወረድኩ፤ አንደኛው ዘወትር የምንጠቀምበት ሆኖ ከሥሩ ጥቂት የቀረው፣ ሁለተኛው ደግሞ የለመድነው ከገበያ በጠፋበት ሰሞን የተገዛው ነው። የአንድ አምራች ናቸው፤ ቀለማቸውም መጠናቸውም አንድ ነው፤ ፊታቸው ላይ የተጻፈው ካርናውባ የሚለው ትልቅ ጽሑፍም ያው ነው። በአዲሱ ቆርቆሮ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን ይዘቱ አሮጌ ቀለምንም የሚያጸዳና ቀላል ጭረት የሚያጠፋ መሆኑን ይገልጽ ነበር። ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል የሚገኝ ሰም ሲሆን፣ ከተፈጥሮ ሰሞች ሁሉ የጠነከረና ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ካልሞቀ የማይቀልጥ ስለሆነ፣ ብቻውን በስፖንጅ ሊቀባ አይችልም። በመሆኑም በቆርቆሮ የሚሸጠው ሁሉ ከዘይት፣ ከሌላ ሰምና ከሟሟ ጋር የተቀየጠ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ቅይጡ ላይ ነው። አንዳንዱ ቅይጥ እንዲቀባ ብቻ የተሠራ ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ ደቃቅ ሞራጅ ዱቄትና በርታ ያለ ሟሟ ተጨምሮበት እያጸዳ እንዲቀባ የተዘጋጀ ነው።

ይህን በመለያው ጽሑፍ ብቻ መፍረድ አልፈለግሁም። ከጎረቤት ጋራዥ ክሊር የሌለው፣ ቀለሙ በአንድ ንብብር ብቻ የተቀባ የአሮጌ መኪና ቀይ በር ተዋስን። እንዲህ ያለ ቀለም ሲያረጅ ገጹ ስለሚነጣና ማናቸውም ጨርቅ ሲነካው ስለሚለቅ፣ አስቀድመን በፖሊሽ አሻሽተን፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጠረግነው። ከዚያም በአንዱ ጥግ የለመድነውን ሰም በነጭ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ስናሽበት ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ። በሌላው ጥግ አዲሱን ስናሽበት ጥቂት ዙር እንኳ ሳይሞላ የጨርቁ መሐል ሮዝ፣ ቀጥሎም ደማቅ ቀይ ሆነ። ጠረኑም ይለይ ነበር፤ ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጋዝ ይሸት ነበር። ቀይ ቀለምን እንዲህ የሚልጥ ነገር ከማይክሮን ያነሰ ውፍረት ያለውን ሲላንት ምን እንደሚያደርገው ለመገመት የኬሚስትሪ ዕውቀት አያስፈልግም።

የሆነው እንግዲህ ይህ ነበር። በግንቦት ያ ታጋሽ ልጅ ሌሊቱን ያደረውንና በደንብ የያዘውን ሲላንት በማግሥቱ በሰም ስም ከኮፈኑ፣ ከበሮቹና ከፓራፋንጎዎቹ ላይ አሽቶ አነሣው፤ በምትኩም የካርናውባ ይዘቱ አነስተኛ የሆነ ስስ ሰም ተወበት። መኪናው ሲወጣ አብረቅርቆ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም። ያ ሰምም የመጀመሪያውን የዝናብ ወርና የላቫጆውን ሳሙና መቋቋም አቃተው። ጣሪያው የዳነው ስላልተነካ ብቻ ነው።

የቤታችን ባለቤት እዚህ ላይ ቢበቃ ይወድ ነበር፤ እኔ ግን ነገሩ በአዲስ ገቢ ሠራተኞች ዓይን ፊት እንዲታይ ስለፈለግሁ፣ የተጣለ ጥቁር ኮፈን አምጥተን በወረቀት ስኮች ከፋፈልነውና ሁሉንም በሲላንት ቀባነው። አንዱን ክፍል እንዲሁ ተውነው፤ በሌላው ላይ በማግሥቱ የለመድነውን ሰም፣ በሦስተኛው ላይ አዲሱን ደረብን፤ በአራተኛው ላይ ደግሞ ሲላንቱ ከተቀባ ከአንድ ሰዓት በኋላ የለመድነውን ሰም ቀባን። አራተኛው ገና በዕለቱ ውበቱን አጣ፤ የሰሙና የሲላንቱ ቅሪት ተቀላቅሎ ጨርቁ በሄደበት አቅጣጫ ሁሉ እንደ ጉም የደበዘዘ መስመር ጥሎ ቀረ፤ ቢወለወል እየተሳበ ከመሄድ በቀር አይጠፋም። ኮፈኑን ደጅ አውጥተን በየሳምንቱ እያጠብን ስናቆየው ሦስተኛው ክፍል ልክ እንደ ደንበኛችን መኪና ውሃ ማስተኛት ጀመረ። ሲላንት ብቻ የተቀባውና በማግሥቱ በትክክለኛው ሰም የተደረበው ግን በውሃ አያያዛቸው ይህን ያህል የሚለያዩ አልሆኑም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለደንበኞች ለመናገር የሚከብድ ነው፤ ሰም መደረብ ለቤቱ ገቢ ያመጣልና። እኔ በበኩሌ ሰም በሲላንት ላይ የሚቀባው ጥበቃውን እጥፍ ለማድረግ ነው የሚለውን አልቀበልም። ጥሩ የካርናውባ ሰም ቢበዛ እስከ ሁለት ወር፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይቆያል፤ ጥሩ ሲላንት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይዘልቃል። ሰሙ ከላይ ስላለ ቀድሞ ያልቃል፤ ሲያልቅም ሲላንቱ በነበረበት ይገኛል። የሚጨምረው ነገር ለጥቁርና ለደማቅ ቀይ ቀለም የሚሰጠው ጥልቀትና ሙቀት ያለው ገጽታ ሲሆን፣ ይህም ዋጋ የሚከፈልበት ውበት መሆኑን አልክድም። ነጭ ወይም ብርማ መኪና ላይ ግን ልዩነቱን ለማየት እኔም እቸገራለሁ፤ የከተማችን መኪና ደግሞ አብዛኛው ነጭ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ሰም ላይ ሲላንት መቀባትማ ከንቱ ድካም ነው፤ ሲላንቱ የሚይዘው ክሊሩን ሳይሆን ነገ የሚለቀውን ሰም ይሆናልና።

የደንበኛችን መኪና ያለ ክፍያ እንደገና ተሠራ። የቀረው ሰም በቀላል ፖሊሽ ተነሣ፤ የፖሊሹ ዘይት ደግሞ በውሃ በቀጠነ አይሶፕሮፒል አልኮል ተጠረገ፤ ጣሪያውን ሳንነካ የቀረውን ሁሉ በሲላንት ቀባነው። ወቅቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለነበር ማድረቂያውን ጊዜ አራዝመን መኪናውን እስከ ሦስተኛው ቀን አቆየነው። ሰም ይደረብ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «በዚህ ጭቃ ማን ሊያየው ነው? ለመስከረም ይደርሳል» ብለው ሄዱ። የሥራ ካርዱ ላይም ከሰዓቱ ጎን የቆርቆሮው ዓይነት የሚጻፍበት መስመር ተጨመረ።

አዲሱን ሰም አልጣልነውም፤ በራሱ ቦታ ጥሩ ዕቃ ነው። ሲላንት የማያውቁት፣ ቀለማቸው በፀሐይ የነጣ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች ለዓመታዊ ምርመራ ከመሄዳቸው በፊት ወደ እኛ ብቅ ሲሉ በአንድ እጅ ያጸዳቸዋል፣ ያበራቸዋልም፤ ሾፌሮቹም ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ ሲያዩት የተሠራላቸው ሥራ እንዳለ ማረጋገጫ አድርገው ይወስዱታል።