ክላክሱ የማን ነበር?

ሆቴል ቤት ስሠራ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የተጻፈብኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ገንዘብ አጉድዬ አይደለም። እንግዳ ሰድቤም አይደለም። ፈረቃዬ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ቢሆን እንኳ አይገርመኝም ነበር። በአንድ ጥንድ የጆሮ ውታፍና መዝገብ ላይ በጻፍኳት አንዲት ነገር ነው። ደብዳቤውን ሳስታውስ አንዳንድ ቀን ያስቀኛል፣ አንዳንድ ቀን ያንገበግበኛል። ዛሬ የመንገብገቡ ቀን ነውና ልንገራችሁ።

ቦታው ኦታዋ ነው። በፈረንጆቹ 2022 ጃንዩወሪ መጨረሻ። እኔ ከፓርላማው በእግር 10 ደቂቃ በማይሞላ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ሪሴፕሽን ነኝ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እገባለሁ፣ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ።

ነገሩን ታስታውሱታላችሁ። ካናዳ ያልተከተበ የከባድ መኪና ሾፌር ከአሜሪካ ሲመለስ ኳራንቲን ይገባል አለች። በሳምንቱ አሜሪካም ያልተከተበ የውጭ ሾፌር አላስገባም አለች። ከዚያ «የነፃነት ኮንቮይ» ተባለና ከምዕራቡ ጫፍ ሳይቀር ተሳቢ እየጎተቱ መጥተው ዋና ከተማው ላይ አቆሙት። ኦታዋ ሲደርሱ ጥያቄው የሾፌር ብቻ መሆኑ ቀርቶ ማስኩም፣ የክትባት ወረቀቱም፣ መንግሥቱም ይውረድ ሆነ። ፓርላማው ፊት ያለው ዌሊንግተን መንገድ ጋራዥ መሰለ። ጀሪካን የያዘ ሰው ናፍጣ ሲያመላልስ ያድራል። ክላክሱ ደግሞ አለላችሁ። ክላክስ ስል የታክሲ እንዳይመስላችሁ። የባቡር ክላክስ የገጠሙ ነበሩበት። አንዱ ለቀቅ ሲያደርገው የሎቢው መስታወት ይንዘረዘራል፣ የሌላው መልስ ደግሞ ከማዶ ይመጣል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እነዚህ ሰዎች እንጀራዬን መልሰውልኛል። ኮሮና ሲገባ ሆቴሉ ጭር አለ። 2020ን ቤት ቁጭ ብዬ መንግሥት በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን 2000 ዶላር ስጠብቅ ከረምኩ። ሥራ ከተመለስኩ በኋላም በሳምንት ሦስት ሌሊት ካገኘሁ ዕድለኛ ነኝ። ኮንቮዩ የመጣ ሰሞን ግን ክፍሉ ሁሉ ተያዘ። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ተመደብኩ። ስለ ሰልፈኞቹ የምናገረውን ስትሰሙ የዚያን ወር የቤት ኪራዬን ማን እንደከፈለው አትርሱብኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ያን ሰሞን መሀል ከተማ ድርሽ አላለም። ቤቱ ሩቅ ነው፣ ጸጥ ያለ ሰፈር። በየማታው ኢሜይል ይልክልናል። «ማስክ ላይ የጸና፣ ግን ወዳጃዊ አቋም ይኑራችሁ» ይላል። ያኔ ኦታዋ ባለችበት በኦንታሪዮ ግዛት ውስጥ ሎቢን በመሰለ ቦታ ማስክ ግዴታ ነው። ክፍልህ ገብተህ እንደፈለግህ ሁን፣ ማንም አይጠይቅህም። ሎቢው ላይ ግን ጠያቂው እኔ ነኝ። እስቲ የጸና ወዳጅነት ምን እንደሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ስድስት ጎረምሳ በረዷማ ቦቲውን እያራገፈ ሲገባብህ ሞክረው።

ክፍል የሚያጸዱት ሴቶች ከእኔ የባሰባቸው ነበሩ። የአውቶቡሱ መስመር ስለተቀየረ ሩቅ ወርደው ነው በእግር የሚመጡት። መንገድ ላይ «ማስክሽን አውልቂ» የሚላቸው አይጠፋም። አንዷ፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆን የጎንደር ሰው፣ ትገባና ጋቢዋን የመሰለ ሻርፕ እየፈታች «እኔ ለብርዱ ነው ያደረግኩት፣ ምን አገባቸው?» ትላለች። ውጪው ከዜሮ በታች 20 ነው። እውነቷን ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። ከምዕራብ ካናዳ፣ ከአልበርታ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ሾፌር። እንግሊዝኛ አንተና አንቱን አይለይም። እኔ ግን በሆዴ አንቱ ነበር የምላቸው። ጺማቸው ነጭ ነው። ሎቢው ውስጥ ካለው ማሽን ቡና ሲቀዱ ለእኔም ይቀዱልኛል። ማስክ ግን አያደርጉም።

«ጌታዬ፣ ማስክ ቢያደርጉልኝ» እላለሁ።

«እኔ አላደርግም ልጄ። አንተም ብታወልቀው ደስ ይለኛል» ይላሉ። ቡናዬን አስቀምጠውልኝ ይሄዳሉ።

በሦስተኛው ሌሊት ቆም አሉና «የየት አገር ሰው ነህ?» አሉኝ።

«የኢትዮጵያ።»

ፊታቸው በራ። ሰው ያገኙ መሰላቸው። «እንግዲያማ ለአንተ አይነገርህም! አምባገነን ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ሸሽተኸው መጣህ፣ ይኸው እዚህም ደረሰብህ።»

ያን ጊዜ አገር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነበረች። በኖቬምበር 2021 የታወጀው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ መታወቂያው ኪሱ ውስጥ መኖሩን ዳብሶ ነው። ስደውልለት ስለ አየሩ እናወራለን። ዘነበ አልዘነበ። ለዝናቡ ሁለታችንም ደንታ የለንም። እኚህ ሰው ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰድብ ባንዲራ መኪናቸው ላይ ሰቅለው፣ መኪናውን ፓርላማ ደጃፍ ገትረው፣ ሙቅ ሻወር ወስደው፣ ቡና በእጃቸው ይዘው ነው አምባገነን የሚሉኝ። ሳቄ መጣ።

ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። እኔ መቼ ነው ሰልፍ የወጣሁት? አገሬ ሳለሁ ፈራሁ። እዚህ መጥቼ ፈረቃ አለብኝ አልኩ። እኚህ ሰው ልክ ሆኑም አልሆኑም ከ3000 ኪሎሜትር በላይ በበረዶ ነድተው መጥተዋል። የምመልሰው ሦስት ዓይነት መልስ ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፈ። የቱን መረጥክ በሉኝ።

«ቁርስ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው» አልኳቸው።

እስከ አሁን ቢያንስ መቶ ጊዜ ሌላ መልስ አዘጋጅቻለሁ። አንዳንዱ በጣም ቆንጆ ነው። ምን ዋጋ አለው።

ከዚያ ያች ሌሊት መጣች። ፌብሩዋሪ ገብቷል። ለቅዳሜ አጥቢያ፣ 8 ሰዓት ገደማ፣ ስልኩ ጮኸ። ከስድስተኛ ፎቅ ነው።

«ሪሴፕሽን፣ ምን ልታዘዝ?»

«መተኛት አልቻልኩም።»

ድምፁን አወቅኩት። (እዚህ ጋ አንቱታው እንደተነነ ልብ በሉ። መልሼ ላመጣው ሞክሬ እምቢ ብሎኛል።)

«ምን ተቸግረው ነው?»

«ጩኸቱ።»

«የምኑ ጩኸት?»

ዝም አለ። ረጅም ዝምታ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ «የውጪው» አለኝ።

«ክላክሱን ማለትዎ ነው?»

«ስማ፣ ጠዋት መኪናዬ ጋ መሄድ አለብኝ። ትንሽ ልተኛበት። የሆነ ነገር አድርግ።»

«ፖሊስ ልጥራ?» አልኩት። ከልቤ ነበር? እንጃ።

«አይ፣ አይ! ፖሊስ ምን ያደርጋል!»

ሆቴሉ ለእንግዶች ብሎ አንድ ካርቶን ሙሉ የጆሮ ውታፍ ገዝቶ ነበር። እኔ ጠረጴዛ ሥር ነው ያለው። ውታፍ እንዳለ ነገርኩት። ብቅ አለ። በካልሲ ነው የወረደው። ዓይኑ ቀልቷል። እጁን ዘረጋ።

አሁን ይሄን በደንብ ልናገር፣ ምክንያቱም ደብዳቤው ላይ በደንብ አልተጻፈም። አልጮህኩም። አላሾፍኩም። አንድ እጄ ላይ ውታፍ፣ አንድ እጄ ላይ ማስክ ይዤ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

«ማስኩን ሲያደርጉ ውታፉን ይወስዳሉ» አልኩ።

አየኝ። «ይሄ ማስገደድ ነው።»

«አይደለም። ምርጫ ነው። ያለ ውታፍ መተኛትም ይችላሉ።»

ልክ ያን ጊዜ ውጪ አንዱ ለቀቀው። የባቡሩን። ረጅም፣ እንደ እንቁልልጭ እያዘገመ የሚያልቅ። ስንት ጊዜ ጸልያለሁ፣ እንደዚያ ፈጥኖ የተመለሰልኝ ጸሎት ግን የለም።

ማስኩን አነሳና አደረገው። ከአፍንጫው በታች ነው። አልጨቀጨቅኩትም። ውታፉን ወሰደ፣ «ደህና እደር» እንኳ አለኝ፣ ወደ ሊፍቱ ሄደ።

ብቻዬን ስቀር እንዴት እንደፈነደቅኩ አትጠይቁኝ። ጥፋቴ የመጣውም ከዚያ ነው። የሌሊት መዝገቡን ሳብ አደረግኩና ጻፍኩ። «ስድስተኛ ፎቅ። የክላክስ ጩኸት አቤቱታ። አቤት ባዩ ከክላክሱ ባለቤቶች አንዱ ነው። ውታፍ ተሰጥቷል፣ ማስክ ተደርጓል።» የጠዋቱ ፈረቃ ልጅ አንብቦ እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔም ጀግና ሆኜ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 7፣ ፍርድ ቤት መሀል ከተማ ላይ ክላክስ ማስጮህን ለ10 ቀን አገደ። የእኔ ብልሃት ሦስት ቀን ብቻ ነው የነገሠው ማለት ነው። በዚያው ቀን ደግሞ ዊንዘር ላይ ወደ አሜሪካዋ ዲትሮይት የሚያሻግረውን አምባሳደር ድልድይ ዘጉት። የአክስቴ ልጅ ከባድ መኪና ይነዳል፣ ሥራው እዚያው መስመር ላይ ነው። ሁለት ዙር ተከትቦ ጨርሷል። በሳርኒያ በኩል ዞሮ ለመሻገር ስንት ሰዓት እንደተገተረ እሱ ያውቃል። ከዚያው ከመሪው ላይ ደወለልኝ።

«ለሾፌር ብለን ነው የተሰለፍነው ይላሉ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔ ሾፌሩ ደግሞ በእነሱ ምክንያት ተሰልፌልሃለሁ። ፊቴ ያለውን ተሳቢ ቆጥሬ አልጨርሰውም።»

ሰውዬው ወጪ ሲሆን ለሆቴሉ አስተያየት ጽፎ ኖሯል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ቡናው ጥሩ ነው፣ የሌሊቱ ሠራተኛ ግን እንቅልፌን መያዣ አድርጎ አስገደደኝ። ስለ ጩኸቱ ምንጭ ምንም አላለም። ሥራ አስኪያጁ አስተያየቱን ይዞ መዝገቡን ሲያገላብጥ የእኔን ጽሑፍ አገኘ። ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 15፣ በቪዲዮ ጠራኝ። ሳሎኑ ውስጥ ነው። ከጀርባው ውሻው ሲያንኮራፋ ይሰማል። ጸጥታው እንደዚያ ነው።

«አገልግሎትን በቅድመ ሁኔታ መስጠት» ብሎ አነበበልኝ። «በእንግዳ ላይ ማላገጥ።»

«የጸና አቋም ይኑራችሁ ብለኸን ነበር» አልኩት።

«ወዳጃዊም ብያለሁ።»

«ቡና ቀድቶልኛል እኮ። ከዚህ በላይ ወዳጅነት...»

«የጻፍከው ነገር ነው ችግሩ» አለኝ። «ሰውዬው ቢከሰን መዝገቡ ማስረጃ ነው።» ኢሜይሉን ከፍቼ ላነብለት ነበር። የቤት ኪራዩ ትዝ አለኝና ተውኩት። ከዚያ ወዲህ መዝገብ ላይ ቀልድ አልጽፍም። ጨዋታዬን ለእናንተ ነው የምጽፈው፣ እናንተ ደግሞ አትከሱኝም።

በዋዜማው ያኔ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ትሩዶ የአስቸኳይ ጊዜ ሕጉን ሥራ ላይ አውለው ነበር። ሕጉ በ1988 ከወጣ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። በማግስቱ፣ የእኔ ደብዳቤ በተነበበበት ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ ፓርላማው ያኛውን አዋጅ አነሳ። ወንድሜ ደወለ።

«እኛ ጋ ተነሳ» አለኝ።

«እኛ ጋ ታወጀ» አልኩት።

«ታዲያ መታወቂያህን ይዘሃል?» ብሎ ሳቀብኝ። ስለ አየሩ ያላወራንበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ሳቁን ሳይጨርስ ቀኑ ደረሰ። ዓርብ ፖሊስ ሰልፈኞቹን ማስወጣት ሲጀምር መሀል ከተማውን በኬላ አጠረው። ነዋሪ ወይም ሠራተኛ ካልሆንክ አትገባም። የሥራ ማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲጻፍልን ሥራ አስኪያጁን ጠይቀን ነበር። «እልካለሁ» ብሏል። አልላከም።

ኬላው ላይ ስደርስ ጣቴ ደንዝዟል። አንድ ወጣት ፖሊስ «ወዴት ነህ?» አለኝ። የሆቴሉን ስም ነገርኩት። «ወረቀት አለህ?» አለኝ። ቦርሳዬን በረበርኩ። የሆቴሉ ማኅተምና የእኔ ስም አንድ ላይ ያለበት ወረቀት አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ሰጠሁት።

በባትሪ አነበበው። እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ማስክ የለውም፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«ውታፍ ተርፎሃል?» አለኝ።

ኪሴን ዳበስኩ። አንድ ጥንድ ነበረኝ። «ማስክ ካደረግህ» ልለው አፌ ላይ ደረሰ። ደብዳቤው እጁ ላይ ስለነበር ዝም ብዬ ሰጠሁት።