የመጀመሪያው ምስክርነቴ ቸኩሎ ነበር

ስሙ ይክበር ይመስገን። ይህን የምጽፈው አንደኛ ስለቴ ስለሆነ ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ አንድ ጊዜ ቀድሜ መስክሬ ስላፈርኩ።

ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ስትል ዓይኗ ቢጫ ሆነ። እናቴ አየቻትና «የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ ነው የለከፋት» አለች። ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ጎረቤቴ የተወቀጠ ቅጠል ይዛልኝ መጣች፣ ፈርቼ አላጠጣኋትም። አንድ ክሊኒክ ደግሞ «ሆዴን» ስትል ሰምተው ጃርዲያ ነው ብለው ሽሮፕ ሰጡን። ሰባት ቀን ጸበል አስጠመቅኳት። በሳምንቱ ዓይኗ ወተት መሰለ! ማኅበር ላይ ቆሜ ልጄ ዳነች ብዬ መሰከርኩ፣ ሰው አብሮኝ አለቀሰ።

በሁለት ወሩ ተመለሰ። አሁን ከቁርጠት ጋር ነው፣ ጉልበቷን ሆዷ ላይ አጥፋ ታቃስታለች፣ ታስመልሳለች። ሽንቷ የቆየ ሻይ መሰለ። ፖፖዋን ሳነሳ ሰገራዋ ነጭ ነው፣ ኖራ በሉት።

ምን ልዋሽ፣ እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። በሰው ፊት አዋረድከኝ አልኩት። ለንስሐ አባቴ «ጸበሉ አልሠራም» ስላቸው ቆጣ አሉ። «ቢጫው ይሂድልኝ አልሽ፣ ሄደልሽ። ሕመሟን አሳየኝ ብለሽ ለምነሻል?» አሉኝ። ሲራክ 38ን አውጥተው ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው የሚለውን አነበቡልኝ። የዚያን ሌሊት ጸሎቴ አጭር ነበር። ምን እንደሆነ አሳየኝ፣ በቃ።

በማግስቱ አልትራሳውንድ አስነሣኋት። ባለሙያው አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ ሲያይ ልቤ ቀጥ አለ። ጉበቷ ሥር ሎሚ የሚያህል ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት አለ። የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈልን፣ እዚያም ኤምአርአይ ተነሣች።

ሐኪሙ ነገሩን ወረቀት ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሳለልኝ። ጉበት ሐሞት ይሠራል፣ ሐሞቱ በቀጭን ቱቦ ወደ አንጀት ይወርዳል። የእሷ ቱቦ ግን ስትፈጠር ጀምሮ እንደ ፊኛ የተነፋ ነው። ሐሞቱ እዚያ ይጠራቀማል፣ መውጫው ሲዘጋ ቢጫ ትሆናለች፣ ሲከፈት ደግሞ ይለቃታል። ለካ ለዚህ ነው የሚሄደውና የሚመለሰው! ያ ምስክርነቴ ትዝ ብሎኝ ፊቴ ጋለ። በሴቶች ልጆች ይበዛል፣ በጃፓንና በእስያ አገሮች የበለጠ ይታያል አለኝ። እኛን ከየት አገኘን ታዲያ?

«በመርፌ አይመጠጥም ዶክተር?» አልኩት። ዱሮ ያበጠውን ቱቦ፣ ያንን ከረጢት፣ ከአንጀት ጋር አገናኝተው ይተዉት እንደነበር ነገረኝ። ግን የቀረው ከረጢት ይመረቅዛል፣ ጠጠር ይሠራል፣ ካደገች በኋላም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ያበጠው ቱቦ ከሐሞት ከረጢቷ ጋር ተቆርጦ ይወጣል፣ ከዚያ ከትንሹ አንጀቷ አንዱ ክፍል ወደ ላይ ተስቦ ከጉበቷ ከሚወጣው ቱቦ ጋር ይሰፋል። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ደም ቶሎ አይረጋም ብለው አስቀድመው ቫይታሚን ኬ ወጓት። ደም የሰጠን ማን መሰላችሁ? የዚያች የቅጠሏ ጎረቤቴ ልጅ!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገባች። ሲረገጥ የሚበራ ጫማ ነበራት፣ እሱን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ድርሳነ ገብርኤልን ከፍቼ አንድ ገጽ ላይ ፈዝዤ ቆምኩ። እጄ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጫማው ይበራል። ብዙ የጸለይኩ እንዳይመስላችሁ፣ «ገብርኤል» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። ስምንት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወጥቶ «ሁሉም ወጥቷል» አለኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከቀዶ ጥገናው ይልቅ ረዘሙብኝ። ከጎኗ የወጣ የፕላስቲክ ቱቦ አለ፣ በእሱ ሐሞት ከፈሰሰ ስፌቱ ያፈስሳል ማለት ነው ብለውኛል። ሌሊት በስልኬ መብራት እያበራሁ የፈሳሹን ቀለም አያለሁ። በአምስተኛው ቀን ፖፖ ጠየቀች። አየሁት። ቡኒ ነው! እልልታዬን ስለቀው ነርሷ ደንግጣ እየሮጠች መጣች፣ ፖፖውን አሳየኋት፣ እሷም አብራኝ እልል አለች። የሰው ሰገራ አይቶ እልል የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወጥተን ጃንጥላዬን አስገባሁ። ማኅበሩ ላይም ደግሜ ቆምኩ፣ ያኔ የቸኮልኩትንም ሳልደብቅ።

አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ክትትሏ አይቋረጥም፣ የተሰፋው ቦታ ሊጠብ ስለሚችል ትኩሳት ወይም ቢጫ ካያችሁ ሳታድሩ አምጧት ተብለናል። እኔም ዓይኗን በየጠዋቱ መስኮት ጋ ወስጄ አያለሁ። ሽንት ቤት ስትገባ ግን «እማዬ፣ ዛሬ አታይም!» ብላ በሩን ትቆልፍብኛለች።