የካቲት 30ን አልቀበል ያለው ሳጥን

ያንን ሥራ ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ። ግን የካቲት 30 በመጣ ቁጥር አንድ ፎቶ ትዝ ይለኛል።

የድሮ ፎቶዎችን ስካን አድርገን የምናስቀምጥበት ክፍል ነበር። የደረሰኝ ከአንድ ቤተሰብ የመጣ ሁለት ካርቶን ፎቶ ነው። ፊቱንም ጀርባውንም ስካን እናደርጋለን። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ፋይሎች በሚታዩበት ፋይል ኤክስፕሎረር ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴልስ። ዴት ቴክን፣ ማለትም ፎቶው የተነሳበት ቀን፣ የሚለው ሳጥን ውስጥ ቀኑን እንሞላለን። ስካነሩ ፎቶው መቼ እንደተነሳ ከየት ያውቃል?

እኔ ጀርባው ላይ 1966 ካለ 1966 እሞላለሁ። የካቲት ካለ ፌብሩዋሪ። ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ፎልደሩን በሙሉ መርጬ በአንዴ ጃንዋሪ 1 እለዋለሁ። ይፈጥናል።

በመጀመሪያው ሳምንት ጋሼ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። የክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ ናቸው፣ ኮምፒውተር አይነኩም።

«ልጄ፣ ይሄ በእኛ ነው በፈረንጅ?»

«እንደተጻፈው ነው ጋሼ።»

«የተጻፈውማ በእኛ ነው። ማሽኑ ይሄን ያውቃል?»

«ሳጥኑ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚቀበለው።»

«ሌላ ሳጥን የለውም?»

ነበረው። እዚያው ገጽ ላይ ኮሜንትስ የሚል አለ። የፈለጉትን በአማርኛ ቢጽፉበት ይቀበላል። ግን ለእያንዳንዱ ፎቶ ጽሑፍ መገልበጥ ሊመጣብኝ ነው ብዬ «የለውም» አልኳቸው። ሻያቸውን ይዘው ሄዱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ያ ፎቶ መጣ። አንዲት እናት ነጠላ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «እማማ ከሆስፒታል የወጡ ዕለት፣ የካቲት 30 ቀን 1966» ይላል። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም። ሳጥኑ አልቀበል አለ። እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። 28 ብዬ አለፍኩ።

ሌላው ሁሉ ባለማወቅ ነው ቢባል ያስኬዳል። ይሄኛው ግን ባለማወቅ አልነበረም። ሰው ለእናቱ ብሎ የጻፈውን ቀን፣ ማሽኑ ስላልተመቸው እኔ ለወጥኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ የወጣው ፎቶዎቹን በቀን ቅደም ተከተል ስንደረድር ነው። ያው በር፣ ያው ነጠላ፣ እኚያው እናት፤ አንዱ ፎቶ 1966 ላይ፣ ሌላው 1974 ላይ ተቀመጠ። ሁለተኛውን የሞላችው ባልደረባዬ ናት። ጀርባው ላይ ምንም ስላልነበረ፣ ፎቶውን ያጠበው ቤት ነጩ ጠርዝ ላይ ያተመውን «ማርች 74» ወስዳለች። እሷ ልክ ነበረች። የካቲት 30 ቀን 1966 በፈረንጅ ማርች 9 ቀን 1974 ነው።

ኃላፊው «በቃ ሁሉም ላይ 8 ደምሩበት» አሉ። እንደዚያ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ያለው ልዩነት 7 ነው፤ መስከረም 1966 የሚውለው 1973 ላይ ነው። ጃንዋሪ 1 ያልኳቸውን ደግሞ ምን ላይ ነው የምንደምረው? ቀናቸው የማይታወቅ ፎቶዎች፣ ቀናቸው በትክክል የታወቀ መስለው ተቀምጠዋል። የሠሩትን የሚመልሰውን ኮንትሮል ዜድም ሞከርኩ። አልመለሰልኝም። ደግነቱ የጀርባዎቹ ስካን ነበረን።

አንድ በአንድ እንደገና ጀመርን። ጋሼ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ማንበብ ያቃተኝን የእጅ ጽሑፍ እሳቸው ያነባሉ። ዴት ቴክን ውስጥ ወደ ፈረንጅ የተቀየረው ቀን ይገባል፣ ኮሜንትስ ውስጥ የጀርባው ጽሑፍ ፊደል ሳይጓደል። ቀኑ ካልታወቀ ሳጥኑ ባዶውን ይቀራል፣ ታግ የሚለው ሳጥን ላይ «ቀኑ አልታወቀም» ይባላል። ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

የእማማ ፎቶ ተራው ሲደርስ ጋሼ ጽሑፉን አነበቡልኝ፣ እኔ ጻፍኩት። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ።

«ይቺ ሳጥን ያኔም ነበረች?»

«ነበረች ጋሼ። ዋሽቼዎት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ሠላሳ በይው እንግዲህ፣ በአማርኛ» አሉኝና ቀጣዩን ፎቶ ገለበጡ።