ሰማንያ አምስት ውርወራ

ልጆቻችሁን ቤዝቦል ያስጀመራችሁ ወላጆች እንዴት እንደያዘኝ ጠይቃችሁኝ ነበር። ይኸው የዘንድሮው ማስታወሻዬ።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው፤ የምንኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ፒቸር ነው፣ ወርዋሪው ማለት ነው። እሱ ካልወረወረ ጨዋታ የለም። በዚህ ዕድሜ ከቆመበት ማውንድ እስከ መቺው ድረስ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ትልልቆቹ ባለሙያዎች በሚጫወቱበት በሜጀር ሊግ 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ይሆናል። ኳሱ ግን ያው 145 ግራም ገደማ የሚመዝነው የአዋቂ ኳስ ነው። እግር ኳስ ላይ ለሕፃን ትንሽ ኳስ ይሰጣል። እዚህ የለም።

ኤፕሪል ላይ የካቸር ጓንቲ ገዝቼ ጓሮ ውስጥ ተቀባዩ ሆንኩ። አዲስ ጓንቲ እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ አይታጠፍም። ሦስተኛዋ ኳስ አውራ ጣቴ ላይ አረፈች። ሁለት ቀን መሪ መጨበጥ አቃተኝ፤ እንጀራዬ ደግሞ መሪ ነው። ልጄ ሳቁን ጨርሶ አሳየኝ፦ ኳሷን ሄደህ አትቀማት፣ ትምጣልህ። ከዚያ አያያዝ አስተማረኝ። ለፈጣኗ ሁለት ጣት ቀዩን ስፌት አቋርጦ ይቀመጣል። ቼንጅአፕ የሚሏትን ደግሞ ወደ መዳፍ ጠለቅ አድርጎ ይዞ፣ ክንዱን ያንኑ ያህል በኃይል ይወረውራል። መቺው ፈጣን ትመጣለች ብሎ ዱላውን ሲያወናጭፍ ኳሷ ገና መንገድ ላይ ናት። ማታለል እንዲህ ሲያምር አይቼ አላውቅም።

ሜይ ላይ ጥፋቴ መጣ። እኔ ወሎ ውስጥ ማሽላ ስጠብቅ ነው ያደግሁት። ማማ ላይ ቆሜ ቀኑን ሙሉ ወንጭፍ ሳሽከረክር እውል ነበር፤ ክንዴን አሞኝ አያውቅም። እና ብዙ የወረወረ ክንድ ይጠነክራል ብዬ አመንኩ። ለካ ወንጭፍ ላይ የሚሠራው ገመዱ ነው። ቅዳሜ ልጄ ለራሱ ቡድን 70 ወረወረ። እሑድ ሌላ ቡድን ሰው ጎድሎበት «ሁለት ኢኒንግ ብቻ» አሉኝ፤ ሁለት ዙር ማለታቸው ነው። አራት ሆነ። እኔ ቪዲዮ እቀርጽ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቁርሱን ሲበላ ማንኪያውን በግራ እጁ ይዟል። ግራኝ አይደለም። «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም» አለ፤ ቀኝ ክንዱን ከጠረጴዛው ሥር አላወጣውም።

ሐኪሟ ጅማቱ አልተበጠሰም አለች። ክርኑ ላይ ያለው፣ ገና የሚያድገው የአጥንት ክፍል ነው የተቆጣው። ስድስት ሳምንት ኳስ አይነካም። ከዚያ በኋላ ነው የልጆቹን ሊግ፣ የሊትል ሊግን ደንብ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ለ11 እና 12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 ውርወራ አይበልጥም። 66 ከደረሰ አራት ቀን ያርፋል። እሑድ የጠሩን ሰዎች ግን የቅዳሜውን 70 አላዩም። እኔ ነበርኩ ያየሁት።

በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ሁለታችንም ሶፋ ላይ ተቀምጠን የስቴፈን ስትራስበርግን ታሪክ ተከታተልን። በ2010 መኪናዬ ውስጥ የሚገባ ተሳፋሪ ሁሉ ይህን ስም ሲያነሳ ትዝ ይለኛል። ዋሽንግተን አይደል፣ የፖለቲካ ሰው መስሎኝ ነበር። ለካ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት በ2009 ድራፍት፣ የዋሽንግተን ቡድን ናሽናልስ ከሁሉ አስቀድመው የመረጡት የሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፒቸር ነው። ብዙዎች ከሜጀር ሊግ በታች ባለው ማይነር ሊግ ውስጥ በአውቶቡስ ዓመታት ይንከራተታሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ይቀራሉ። እሱ ሃሪስበርግና ሲራክዩስ በሚባሉ የማይነር ሊግ ቡድኖች 11 ጨዋታ ብቻ ጀምሮ ወደ ሜጀር ሊግ ወጣ። ጁን 8 ቀን 2010 የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ በ94 ውርወራ 14 መቺ በሦስት ስትራይክ አስወጣ፤ ስትራይክ ማለት መቺው የሳታት ወይም መምታት ሲገባው ያሳለፋት ኳስ ናት። በዚያው ክረምት የክርኑ ጅማት ተበጠሰ።

ቀዶ ጥገናው ቶሚ ጆን ይባላል፤ የመጀመሪያው ታካሚ ስም ነው። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከአንድ ክንዱ ጅማት ወስዶ በሌላው ክርን ተከለለት። ሰውየው በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ። ልጄ ይህን ሲሰማ ሁለት ክንዶቹን አስተያይቶ «የትኛውን ነው የሚቆርጡት?» አለኝ። እናቱ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

በ2012 ቡድኑ ለፕሌይኦፍ፣ ለዋንጫው የመጨረሻ ዙሮች፣ ሊያልፍ ሲል ስትራስበርግን አስቁመውታል፤ ክንዱ ይረፍ ብለው። ከተማው ሁለት ቦታ ተከፈለ። አምና ብትጠይቁኝ ይጫወት ብለው ከሚጮሁት ጋር ነበርኩ። አሁን ከአስቋሚዎቹ ጋር ነኝ። በ2019 ናሽናልስ ዋንጫውን ሲበሉ የወርልድ ሲሪስ፣ የዋንጫው ፍጻሜ፣ ኮከብ እሱ ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ከዚያ በኋላ በሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ፣ አካሉ የፈቀደለት ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ውርወራ ቆጥረውለት። ይህን ለልጄ እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ራሱ ደረሰበት። ዝም አለ። ከዚያ «እኔ ግን እገባለሁ» አለ። ሜጀር ሊግ ማለቱ ነው። እኔም አትገባም አላልኩትም።

ጁላይ ላይ ቀስ ብለን ጀመርን። መጀመሪያ አሥር ሜትር ላይ ለስላሳ ውርወራ፤ ካመመው ማቆም። አንዲት በአውራ ጣት ጠቅ የምትደረግ መቁጠሪያ ገዛሁ፤ ተሳፋሪ ሲያያት የመቁጠሪያ ጸሎት ላይ ያለሁ ይመስለዋል። እናቴ ከወሎ ደውላ «አሁንም ድንጋይ ይወረውራል?» ትላለች።

ትናንት የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። ከአሰልጣኙ ጋር 30 ብለን ተስማምተናል። መቁጠሪያዬ 30 ስትል መቺው ሁለት ስትራይክ ይዞ ቆሟል። አሰልጣኙ ዞሮ አየኝ። ልጄም ከማውንዱ አየኝ፤ አንድ ጣቱን አሳየኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። 31ኛዋ ውጭ ሄደች። 32ኛዋ ቼንጅአፕ ነበረች፤ መቺው አየር መታ።

ዛሬ ዕረፍት ነው። ማታ ገበታው ላይ ሳላስታውቅ እጁን ስጠብቅ ነበር። እንጀራውን በቀኙ ቆረሰ።