ሞዴሉ እምቢ ሲል

ግንቦት ገባ፣ የቴሲስ ሰሞን ነው። ከሪፈራል በኩል በባጃጅ እየመጡ ለዳታ ትንተና ላፕቶፕ የሚከፍቱልኝ ነርሶችና ሚድዋይፎች ጥያቄያቸው ዘንድሮም ያው ነው። «ጋሼ፣ ሎጂስቲኩ ኮንቨርጅ አላደርግ አለኝ።» ሎጂስቲክ ሪግሬሽን እንደ «ቤት ወለደች ወይስ አልወለደችም» ያለ የሁለት መልስ ውጤት ከምን ጋር እንደሚያያዝ የሚገምት ሞዴል ነው፤ ኮንቨርጅ አላደረገም ማለት ሶፍትዌሩ ግምቱ የሚረጋበትን ቦታ አላገኘም ማለት ነው።

ሰሞኑን የመጣችው ሲስተር የምታጠናው ቤት ውስጥ ስለሚወልዱ እናቶች ነው። ጥናቱ የእሷ ስለሆነ ቁጥሮቹን ቀይሬያቸዋለሁ። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ያወጣላት ሠንጠረዥ ላይ፣ ያልተማሩ እናቶች ቤት የመውለዳቸው ኦድስ ሬሾ (ቤት የወለዱት ካልወለዱት ጋር ያላቸው ጥምርታ ከማነጻጸሪያው ምድብ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነው። የግምቱን አለመርጋት የሚለካው ስታንዳርድ ኤረር ከ8,000 ያልፋል። የኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው ክልል፣ የላይኛው ጫፍ ቁጥር እንኳ የለውም፣ ነጥብ ብቻ። ፒ ቫልዩው (ግንኙነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል) ደግሞ 0.998።

«ፒ ቫልዩው ከማጣሪያው ወሰን፣ ከ0.25፣ ስለበለጠ ትምህርትን ከሞዴሉ ላወጣው ነው» አለችኝ።

«ቆይ እስቲ ሲስተር፣ መጀመሪያ ክሮስታቡን አሳዪኝ።»

ክሮስታቡ፣ በየትምህርት ደረጃው ስንቶቹ ቤት እንደወለዱ የሚቆጥረው ሠንጠረዥ፣ ሲወጣ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ታየ። ካልተማሩት 140 እናቶች 61ዱ ቤት ወልደዋል። ኮሌጅ ከበጠሱት 23 እናቶች ግን ቤት የወለደች አንድም የለች። ዜሮ። እሷ ደግሞ ሪፈረንስ (ሌሎቹ የሚነጻጸሩበት ምድብ) ያደረገችው እነዚህኑ 23 እናቶች ነው። ዜሮ ያለበት ምድብ ሪፈረንስ ሲሆን ከእሱ ጋር የሚነጻጸረው ሁሉ አብሮ ይበላሻል። ሪፈረንሱ ሲቀየር የሚያብደው አንዱ መስመር ብቻ ነው።

ታቦር ተራራ ላይ የሚወጣ ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ሶፍትዌሩም በየዙሩ ግምቱን እያሻሻለ ይወጣና ላይክሊሁዱ (ግምቱ ከዳታው ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ የሚለካው) ከዚያ በላይ አልጨምር ሲለው ይቆማል። እዚህ ጋ ግን ጫፍ የለም። ኮኤፊሸንቱ (የኦድስ ሬሾው ሎግ) በጨመረ ቁጥር ላይክሊሁዱም ጥቂት በጥቂት ይጨምራል። ስለዚህ ኤስፒኤስኤስ 20ኛው ዙር ላይ ሰልችቶት ይተወዋል። አር የተባለው ሌላ ሶፍትዌር ጣሪያው 25 ዙር ነው፤ አንዳንዴ ለውጡ በጣም ስለሚያንስበት «ጨርሻለሁ» ብሎ «የተገመተው ዕድል ዜሮ ወይም አንድ ሆኗል» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ጣል ያደርጋል። ያ ቢሊዮን እንግዲህ ማሽኑ የቆመበት ቦታ እንጂ ግኝት አይደለም። «ዙሩን 1000 አድርጊው» የሚል ምክር ከሰማሽ ጆሮ ዳባ ልበስ በይ። ቁጥሩ ይበልጥ ያብጣል፣ ሌላ ምንም አይመጣም።

እኔን የሚያበሳጨኝ ፒ ቫልዩው ነው። ሃውክና ዶነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1977 እንዳሳዩት፣ ውጤቱ በጣም ሲጠነክር ስታንዳርድ ኤረሩ ከኮኤፊሸንቱ በላይ ይሮጥና ፒ ቫልዩውን የሚያወጣው የዋልድ ፈተና ፋይዳ ያጣል። ከጠቅላላ ጥናቱ ዋነኛው ምክንያት ትምህርት ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን በ0.25 ወንፊት አጣርተን እሱኑ እንጥለዋለን! ዲፌንስ ላይ «ትምህርት ለምን የለም?» ሲባል መልሱ «ሲግኒፊካንት አልሆነም» ይሆናል። ይሄ ጉድ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትርጉም የሚሰጥ ከሆነ ምድቦቹን ማዋሃድ ይቻላል። ሁለተኛ ደረጃንና ኮሌጅን አንድ ማድረግ ብዙም አያሳፍርም። እኔ ግን ፈርዝ በ1993 ያቀረበውን፣ ኮኤፊሸንቱ ያለ ገደብ እንዳያብጥ ላይክሊሁዱ ላይ ቅጣት የሚጨምረውን ዘዴ እመርጣለሁ። ሄንዝና ሼምፐር በ2002 ለዚሁ ችግር እንደሚሠራ አሳይተዋል። በአር ሎጂስትኤፍ (logistf)፣ ስታታ በተባለው ሶፍትዌር ደግሞ ፈርዝሎጂት (firthlogit) የሚባል ፓኬጅ አለ። ሌላ ተለዋዋጭ ሳይገባ ሁለቱን ምድቦች ብቻ ስናነጻጽር፣ ዘዴው በክሮስታቡ እያንዳንዱ ሴል (ሳጥን) ላይ ግማሽ ሰው እንደመጨመር ነው። የሲስተር ቢሊዮን ወደ 36 ወረደ። ኢንተርቫሉ አሁንም ሰፊ ነው፣ ግን ሰው ፊት ይቀርባል። ኢንተርቫሉን ከላይክሊሁዱ ቅርጽ በሚነሳው በፕሮፋይል ላይክሊሁድ ያውጡት፣ ከስታንዳርድ ኤረሩ በሚነሳው በዋልድ አይደለም።

ስታታ የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። ዜሮ ያለበትን ምድብ ራሱ ያወጣውና ሰዎቹንም አብሮ ይጥላቸዋል። በማስታወሻ ነግሯችኋል፣ ግን ማን ያነባል? የናሙናውን ቁጥር እዩ፤ 23 ሰው ጎድሎ ይሆናል።

አንዳንዴ ጥፋቱ የመጠይቁ ነው። «ቤት የወለድሽበት ምክንያት?» የሚለው ጥያቄ ቤት ለወለዱት ብቻ የሚቀርብ ነው። እሱን ሞዴል ውስጥ የሚከት ሰው አለ! ሞዴሉ መልሱን ከጥያቄው ላይ ይገለብጣል። «መልስ የለም» የሚለው 99 ኮድም ሳይጸዳ ከቀረ፣ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ያለበት ምድብ ሆኖ እዚያው ዜሮ ሴል ይፈጥራል።

ከኦድስ ይልቅ ዕድሉን ራሱን የሚያነጻጽረው ሞዴል፣ ሎግ ባይኖሚያል፣ ሲሆን ታሪኩ ይለያል። ቤት መውለድ ብዙ በሆነበት ቦታ ኦድስ ሬሾ ስለሚያጋንን አንዳንድ አድቫይዘር ፕሪቫለንስ ሬሾ (የሁለት ምድቦች ድርሻ ጥምርታ) አምጪ ይላል። ሞዴሉ ግን ዕድሉን ከአንድ በላይ ሊያወጣ ስለሚችል መሐል ላይ ይሰበራል። መነሻ ቁጥር ሰጥቶ መሞከር አንድ ነገር ነው። ካልሆነ ፖይሰን የሚባለው ሪግሬሽን ከሮበስት ስታንዳርድ ኤረር (የሞዴሉ ግምት ከዳታው ጋር ባይገጥምም ከሚሠራው) ጋር፣ ዙ በ2004 እንዳቀረበው። እኔ ጊዜ ሳላጠፋ ቀጥታ ወደዚህ ነው የምሄደው።

ጥያቄ ያላችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ። ክሮስታቡን፣ የናሙናውን ቁጥርና ሪፈረንሱ የቱ እንደሆነ ጨምሩበት። ስክሪኑን በስልክ ካሜራ አጋድማችሁ ያነሳችሁትን ፎቶ ግን በእናታችሁ አትላኩብኝ።