ኖር

ዛሬም ዝናቡ አላባራም። መብራት የለም። እማዬ ለፍልሰታ ቅዳሴ ሄዳ ገና አልተመለሰችም። በረንዳው ላይ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። ከጥጉ ላይ ጣና ትንሽ ይታያል፤ ክረምት ላይ ሐይቁና ሰማዩ አይለዩም። እንዲህ ሲሆን ሆዴ ባር ባር ይላል።

ስለ እንግዶቻችን ልጽፍ ነበር። ሰርቪስ ቤቱን ስለተከራዩት ባልና ሚስት። ሁለቱም 70ን ተሻግረዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው ናት የላከቻቸው፤ ለ18 ወር፣ በራሳቸው ወጪ። ሰባት የልጅ ልጆች ትተው ነው የመጡት። እማዬ "ሚሲዮን" የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። "አንቱም በሃይማኖትዎ፣ እኔም በሃይማኖቴ" አለቻቸው፤ እኔ ተረጎምኩ። አዛውንቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተነስቶ አያውቅም። ቡና ሃይማኖታቸው አይፈቅድላቸውም። ይህ ደግሞ እማዬን ከሁሉ በላይ ከንክኗት ነበር። አሁን ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ አብረዋት ይቀመጣሉ። ለእነሱ ሙቅ ውሃ በጤናዳም ታቀርባለች።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ለቅሶ ነበር። እማዬ ይዛቸው ሄደች። ገና ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ "ኖር!" ብሎ ብድግ አለ። ሁለቱም ዞር ብለው ከኋላቸው ማን እንደመጣ አዩ። ማንም የለም። እርስ በርስ ተያዩ። ሰው እነሱ እስኪቀመጡ ቆሟል፤ እነሱም ሰው እስኪቀመጥ ቆመዋል። እማዬ በነጠላዋ አፏን ከልላ "በእግዜር በሉ፣ በእግዜር" አለቻቸው። ሚስትየው ቃሉን ሁለት ጊዜ ሞከሩት። ባልየው ክርናቸውን ያዝ አደረጓቸውና አብረው ቁጭ አሉ።

ማታ ቃሉን በራሳቸው ፊደል አጽፈውኝ በራቸው ላይ ለጠፉት። በአገራችን ስንገባ ማንም አይነሳልንም አሉኝ። ቅሬታ አልነበረውም አነጋገራቸው። እንዲያው ነገሩኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እኔ ስለ እነሱ ማሰብ ትቻለሁ። የማስበው ስለ እማዬ ነው።

ወንድሜ ወረቀቱን ጨርሷል። "ሚኒሶታ ትምጣ፣ እኔ ጋ ትረፍ" ይላል። እውነቱን ነው፤ እዚህ ጉልበቷ እያመማት ነው የምትኖረው። እሷ "እስቲ ፍልሰታ ይለፍ" ትላለች። ፓስፖርቷ ሳጥኗ ውስጥ፣ ከአባዬ ፎቶ ሥር ነው። እኔም "እነዚህ በ70 ዓመታቸው ባሕር ዳር ከመጡ አንቺስ ምን ያቅትሻል?" ብያት ነበር። ለቅሶው ላይ ካየሁት በኋላ ግን ያልኩት ነገር ቆረቆረኝ።

እነሱ ሁለት ናቸው። ሳይገባቸው ሲቀር የሚተያዩት ሰው አለ። ሰዓት አቆጣጠራችን ስድስት ሰዓት ሲያሳስታቸው ሁለቱም ነው የሚሳሳቱት። እማዬ አንድ ቀን እዚያ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የማታውቀው ነገር ሲገጥማት ዞራ ማንን ታያለች? ወንድሜ ሥራ ላይ ነው የሚውለው።

ደግሞ እነሱ የመመለሻቸው ቀን ተቆርጧል። ሚስትየው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ካወሩ በኋላ እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ፤ ግን ወሩን ይቆጥራሉ። ሳይቆጥር የቀረም አለ። ስፔናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በፈረንጆቹ 1603 አገራችን ገባ። ግዕዝና አማርኛ ተማረ፣ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፣ አፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ አደረገ። በ1622 እዚሁ ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ሞተ። ትምህርት ቤት ስማር የያዝኩት ያመጣውን መዘዝ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን የማስበው ሌላ ነው። በመጨረሻዋ ሰዓት ያናዘዘው፣ ዓይኑን የከደነለት ማን ይሆን? በየትኛው ቋንቋ?

ዝናቡ ቀለል ብሏል። የግቢው በር ተንኳኳ፤ እማዬ ናት። ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ሁለቱም ብድግ ብለው "ኖር!" ሲሏት ሰማሁ። "በእግዜር፣ በእግዜር፣ ልጆቼ" አለች።

ወንድሜ ከቀትር ጀምሮ "ምን ወሰናችሁ?" ብሎ ጽፎልኛል። ልጆቹ አያታቸው ስትገባ እንዲነሱ አስተምሯቸው እንደሆነ ልጠይቀው ጻፍኩ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት። እስካሁን አልላክሁትም።