ውሃው ሲመጣ የሚሰማበት ሰፈር

ዛሬ ማታ ጎንደር ዳገት ላይ ያለው ሰፈራችን ጭጭ ብሏል። መብራት ከ1 ሰዓት ጀምሮ የለም፣ ዝናቡም አባርቷል። የቀሃ ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ ከታች ይሰማል፤ አልፎ አልፎ ከቁስቋም በኩል ጅብ ይጮኻል። ደብተሩን ያነሣሁት ይህን ዝምታ ልጽፈው ብዬ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የሚመጣብኝን ስሜት ታውቁታላችሁ፤ ሐዘን አይሉት ደስታ።

ዝምታ ስል ድምፅ የለም ማለቴ አይደለም። የ44ቱ ታቦት አገር ነውና ሌሊት ማኅሌት አለ፤ ነፋሱ ሲያመጣው ከአዲስ ዓለም ሰፈር አዛን ይሰማል፤ ውሻውም አያርፍም። የሌለው የባጃጅ ድምፅ ነው። ባጃጅ ከታች ካለው መታጠፊያ በላይ አይወጣም፣ የቀረው በእግር ነው። ኪራዩ የረከሰውም በዚሁ ነው። ቤት የሚፈልግ ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የምለው፣ ኪራዩን ብቻ አይታችሁ አትዋዋሉ፤ ጤፉን ከመታጠፊያው የሚያወጣውን ተሸካሚ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ ውሃ ሲጠፋ በአህያ የሚመጣውን ጄሪካን ደምሩበት ነው። ተደምሮም ከፒያሳ ይረክሳል፤ ግን የሚመስለውን ያህል አይደለም።

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ከፋሲል ግቢ ራቅ ብለው ቁስቋም ላይ ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲያሠሩ፣ ማታ ማታ ምን ይሰሙ ይሆን? ለዚያ ሁሉ ሰው ውሃውንስ ማን ያመላልስ ነበር?

ውሃ ከተነሣ እንግዲህ ሌላው ሐሳብ ሁሉ ይቀራል።

ዳገት ላይ ውሃ በሌሊት የሚመጣበት ምክንያት አለው። ከማጠራቀሚያው የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው፤ ቤቱ በ10 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ከግፊቱ 1 ባር ያህል ይቀንሳል። ቀን ታች ያለው ሰው ሁሉ ሲከፍት ግፊቱ ይደክምና እኛ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ታች ያለው ዘግቶ ሲተኛ ግፊቱ ያገግማል፣ ውሃውም ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ በፈረቃው ቀን ቧንቧው ደርቆ ቢውል፣ አልመጣም ብሎ ቆልፎ መተኛት ስሕተት ነው። ከፍቶ መተኛትም ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ የሚመጣው አየር ስለሆነ ቆጣሪው በአየሩም ይሽከረከራል፣ ሂሳቡም አብሮ ይቆጥራል። ቧንቧውን ለጠብታ ያህል ብቻ ፈታ አድርጎ መተው ይሻላል። አየሩ ሲወጣ ያፏጫል፤ ጸጥ ባለ ሰፈር ፉጨቱ በእንቅልፍ ልብም ይሰማል። ያን ጊዜ ተነሥቶ መቅዳት ነው። ከአየሩ ቀጥሎ የሚመጣውን ቡናማ ውሃ ባልዲ ይቀበለው፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ይሆናል። ጠራ ሲል ጄሪካኑ ይቅደም፣ በርሜሉ ይከተል፤ ውሃው በመሐል ቢሄድ እንኳ የሚጠጣው ተይዟል።

ስንት ይበቃል ለሚል ሰው፦ በቁጠባ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ያዙ። አራት ሰው ላለበት ቤት 80 ሊትር ይሆናል፤ ለ7 ቀን 560። ሁለት ባለ 200 በርሜልና ስምንት ባለ 20 ጄሪካን ልክ ይህንኑ ይይዛሉ። የልብስ ማጠቢያ አልገባበትም። ሕፃን ያለበት ቤት በዚህ አይዘልቅም።

ሮቶ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ስለ ክብደቱ ያስብ። ባለ 1,000 ሊትሩ ሲሞላ 1 ቶን ነው። አፈር ላይ ከተቀመጠ ክረምት ላይ አንድ ወገን ይሰምጣል፤ እንጨት ርብራብ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ በእንጨቶቹ መሐል ያለው የቂጡ ክፍል ይጎብጥና ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ፣ በውሃ ልክ የተስተካከለ፣ ቂጡን ሙሉ በሙሉ የሚሸከም መቀመጫ ያስፈልገዋል። ከፍ አድርጎ መስቀልም አያዋጣም፤ የሌሊቱ ደካማ ግፊት እዚያ ላይወጣ ይችላል። መሬት ላይ በሚገባ ሞልቶ ከታች መቅዳት ይሻላል። ክዳኑ ይገጠም፤ ብርሃን ከገባ ግድግዳው አረንጓዴ ያወጣል። ጄሪካኑን ደግሞ ትናንሽ ጠጠርና ጥቂት ውሃ ጨምሮ መናጥ፤ እጅ የማይገባበት ዕቃ በዚህ ይጸዳል። ለሚጠጣው ውሃ «ውሃ አጋር» የሚባለውን የክሎሪን መድኃኒት የሚጨምር ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን ይያዝ፣ 30 ደቂቃም ይታገሥ። የደፈረሰውን በነጠላ እጥፍ ሳያጠሉ መድኃኒት መጨመር ዋጋ የለውም፤ ደለሉ መድኃኒቱን ይበላዋል።

አሁን በክረምቱ ጣሪያው አለልን። በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ 40 ካሬ ጣሪያ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ከጣለ 600 ሊትር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ በርሜል የሚገባው በአሸንዳው ይወሰናል። አሸንዳው በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ በርሜሉ ካላዘቀዘቀ ውሃው መሐል ላይ ሞልቶ ግድግዳው ላይ ይፈሳል፣ የጭቃ ቤት ግድግዳ ደግሞ ከዚያ በኋላ ልስኑን ይጥላል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥቡ ይፍሰሱ። ይህ ውሃ ለልብስ፣ ለዕቃ፣ ለወለል ነው። ጥቅምት ከገባ ግን ጣሪያው ዝም ይላል፤ እስከ ግንቦት ድረስ የቧንቧው ፉጨት ብቻ ነው።

መብራቱም የዚያው ዘመድ ነው። አንድ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በአንድ ቆጣሪ የሚኖሩ ሁለት ተከራዮች በአንድ ጊዜ ከጣዱ ፊውዙ ይወርዳል። ማታ ኃይሉ ሲደክም ደግሞ ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሊጡን ለንጋት ማቆየት ነው።

ነገ ግን የዕድሩ የመዋጮ ደብተር ይዞራል። የዕድሩ ጋሼ ከቤት ቤት ይዘውት ይመጣሉ፤ ለኮብልስቶኑ መዋጮ። መቼስ ዳገቱ ክረምት ላይ ምን እንደሚመስል የወጣበት ያውቀዋል። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ በዚያ ጭቃ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነም እናውቃለን። ድንጋዩ ይነጠፍ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

የሚያሳስበኝ ከሥሩ ያለው ቧንቧ ነው። ግማሽ ኢንች ነው። በፊት ለጥቂት ቤት የተዘረጋ፣ አሁን በየግቢው የተቀጣጠለ። ሌሊት ግፊቱ ቢያገግምም በዚያ ጠባብ አፍ ይህን ሁሉ ቤት አያዳርስም። መጀመሪያ እሱ በወፍራም ካልተለወጠ፣ ኮብልስቶኑ ከተነጠፈ በኋላ መቆፈሩ አይቀርም፤ አንዴ የተነሣ ኮብልስቶን ደግሞ ከሥሩ ያለው አሸዋ ተረብሿልና እንደ ፊቱ አይቀመጥም። ዳር ዳሩን ቦይ ካልተሠራለትም የዳገቱ ጎርፍ አሸዋውን ከሥሩ ይጠርገዋል፣ ድንጋዩ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ይሆናል። ስለዚህ ቧንቧ፣ ቦይ፣ ከዚያ ድንጋይ። ለጋሼ ይህን እላቸዋለሁ፤ ይሰሙኛል።

መንገዱም ውሃውም ቢሟሉ ግን ባጃጁ እደጃችን ይደርሳል፣ ኪራዩም ይጨምራል። ከኋላ ግቢ ያለችው፣ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ሌሊት ከሁላችን ቀድማ ቧንቧው ጋ የምትደርሰው፣ ያኔ የት ትሄዳለች? ከዚህ በላይ ያለው ዳገት ውሃ ጨርሶ የማይደርስበት ነው። መዋጮው የሚጠየቀው እሷም ናት፤ ደብተሩ ላይ ስሟ ከእኔ ቀጥሎ ነው የተጻፈው። ከመፈረሟ በፊት ይህን ልንገራት ወይስ ልተወው?